ለድባቴ የወሰድኳቸው ቫይታሚኖች፦ የጠቀመኝና ያልጠቀመኝ

የድባቴ ሕመም እንዳለብኝ በሥራ ቦታም በሰፈርም ከታወቀ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚያቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «ቫይታሚን ይረዳል ወይ?» ስለ ሐኪሙ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ እንቅልፌ የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። በአእምሮ ሕክምና ክፍል በር ላይ ተሰልፎ ከመታየት ይልቅ መድኃኒት ቤት ገብቶ ቢጫ ካፕሱል መግዛት ይቀላል፤ ቫይታሚን በሚውጥ ሰው ላይ ማንም አይጠቋቆምም። ለእያንዳንዱ በተናጠል ከምመልስ ያየሁትንና የተማርኩትን አንድ ጊዜ ልጻፈው። ከማሟያዎቹ አንዱ በእርግጥ ጠቅሞኛል፤ እርሱ ግን እኅቴ ከቶሮንቶ በላከችው ሻንጣ ውስጥ አልነበረም።

የምተዳደረው በትራንዚት ሥራ ነው። ከጅቡቲ ለሚገባ ዕቃ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ሳዘጋጅ፣ ኢንቮይስና የዕቃ ዝርዝር ሳመሳክር እውላለሁ። ሕመሙም መጀመሪያ የታወቀኝ እዚያው ወረቀቱ ላይ ነው፤ አንዱን መስመር ደጋግሜ አነበዋለሁ፣ አይገባኝም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃና እስኪነጋ ጣራው ላይ አፈጣለሁ። ጠዋት የምወደው ፉል እንጨት እንጨት ይለኛል። ልጆቼ ሲስቁ ደስ ከማለት ይልቅ ይታክተኛል። ይህ ሁሉ የመጣው በግንቦትና በሰኔ ነበር። በዚያ ወቅት ድሬ ውስጥ ያልደከመው ሰው ስለሌለ «ሙቀቱ ነው» የማይለኝ አልነበረም።

ሌላው መሸፈኛ ጫት ነው። ቀትር ላይ ከተማው ጥላ ሲፈልግ፣ ከከዚራ እስከ መጋላ በርጫው ይደራል፤ እኔም ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እቀመጥ ነበር። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል፤ ለጥቂት ሰዓት ያነቃል፣ ያስወራል፣ ፎቅ ያስገነባል። ምርቃናው ሲወርድ መከፋቱ፣ መነጫነጩና እንቅልፍ ማጣቱ ይከተላል። በዚያ ላይ ጨብሲ የሚጨምር አለ፤ አልኮል ደግሞ ራሱ ስሜትን ይጥላል። በዚህ ዑደት ውስጥ ላለ ሰው የትኛው ሕመሙ፣ የትኛው ሀራራው እንደሆነ መለየት ይቸግራል። በኋላ የአእምሮ ጤና ነርሷ ገና ከመቀመጤ የጠየቀችኝ «ይቅማሉ?» ብላ ነበር። በየቀኑ እየቃሙ ለድባቴ ቫይታሚን መዋጥ በተቀደደ ጆንያ እህል እንደ መጫን ነው። በአንድ ጊዜ ማቆም ስላቃተኝ ከእርሷ ጋር ተነጋግረን ቀስ በቀስ ቀነስኩት። በቀነስኩባቸው ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ፣ ሌሊት ደግሞ ክፉ ሕልም ያባንነኝ ነበር፤ የሚያልፍ መሆኑን አስቀድማ ስለነገረችኝ አልደነገጥኩም።

ወደ ሻንጣው ልመለስ። ታላቅ እኅቴ እንደታመምኩ ስትሰማ ለበዓል በምትመጣ ጎረቤት እጅ መዓት ጠርሙስ ላከችልኝ፦ የዓሣ ዘይት፣ ቫይታሚን ዲ፣ ቢ ኮምፕሌክስ፣ ማግኒዥየም፣ ዚንክ፣ «ስሜትን ያነቃቃል» የሚል ጽሑፍ ያለበት የዕፅ ካፕሱል። እኔ ሰነዱን ሳላይ ዕቃ የምረከብ ሰው አይደለሁም። ጠርሙሶቹን በፌስታል ይዤ ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ሄድኩ።

«ሲስተር፣ ከእነዚህ የትኛውን ልጀምር?» አልኳት።

አንዱንም ሳትከፍት ወደ ጎን ገፋ አደረገችና «መጀመሪያ ደምዎ ውስጥ ምን እንደጎደለ እንይ፤ ያልጎደለውን ቢሞሉት ምን ይረባዎታል?» አለችኝ።

ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ ያዘዘችልኝን ምርመራ ልዘርዝረው፤ ሌላውም ሰው ሊጠይቅ ይችላል። ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ስኳር፣ የታይሮይድ ምርመራ እና ቫይታሚን ቢ12። የታይሮይድ ሆርሞን ያነሰው ሰው ይደክመዋል፣ ይበርደዋል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ነገር ይረሳል፣ ይከፋዋል፤ ከድባቴ ጋር አንድ ይመስላል፣ ሕክምናው ግን ሌላ ነው። የብረት እጥረትና ደም ማነስም እንዲሁ ሰውን ያደክማሉ፤ በተለይ የወር አበባዋ የሚበዛ ወይም በቅርብ የወለደች ሴት ይህን ሳታስመረምር የስሜት ቫይታሚን ፍለጋ ባትዞር ይሻላል። የእኔ የቢ12 ናሙና አዲስ አበባ ተልኮ ስለነበር ውጤቱ ቆየ፤ ሌላው እዚሁ ደረሰ።

ቢ12 ዝቅ ብሎ ተገኘ። ላቦራቶሪዎች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ200 ፒኮ ግራም በታች ሲሆን እጥረት ይሉታል፤ ከ200 እስከ 300 ያለው አጠራጣሪ ነው። የእኔ የሚያጠራጥር አልነበረም። ሐኪሙ ውጤቱን እያየ ሁለት ነገር ጠየቀኝ፦ «ይጾማሉ? የጨጓራ መድኃኒት ይወስዳሉ?» ለሁለቱም መልሴ አዎ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፤ ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ብዙ መልካም ነገር አላቸው፤ ይህ ግን የላቸውም። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታ፣ የነቢያትና የሐዋርያት ጾም ሲጨመሩበት የዓመቱ ትልቅ ክፍል በጾም ያልፋል። ይሁን እንጂ ጤነኛን ሰው ጾም ብቻውን አያጎድለውም፤ ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ያከማቻል፣ ሲፈሰክም ይሞላል። እኔን የጣለኝ ድርብርቡ ነው። በሥጋና በወተት ውስጥ ያለውን ቢ12 ከፕሮቲኑ የሚያላቅቀው የጨጓራ አሲድ ነው፤ ኦሜፕራዞል ደግሞ ሥራው ያንኑ አሲድ መቀነስ ነው። በባዶ ሆድ እየቃምን ጨጓራችን ሲቆጣ ኦሜፕራዞሉን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለዓመታት የምንውጥ ሰዎች በዚህ ከተማ ብዙ ነን። ሜትፎርሚን የሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞችም የዚሁ ቫይታሚን እጥረት ስለሚያገኛቸው አልፎ አልፎ መለካት አለባቸው። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችም እንዲሁ፤ ጨጓራ ከዕድሜ ጋር አሲዱን ይቀንሳል።

የቢ12 እጥረት ምልክቱ ድካም፣ መርሳት፣ ድብርት፣ የምላስ መቃጠል፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ ነው። እግሬ ከጣቶቹ ጀምሮ እንደሚደነዝዘኝ ሐኪሙ እስኪጠይቀኝ ድረስ ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ ለድባቴ ብሎ የሄደ ሰው ስለ እግር ጣቱ ምን ብሎ ያወራል? እባካችሁ አውሩ። ነርቭ ላይ የደረሰ ጉዳት ከቆየ ላይመለስ ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቆ ነገረኝ፦ ቢ12 ሳይለካ ፎሊክ አሲድ ብቻውን መውሰድ አደገኛ ነው፤ ፎሊክ አሲዱ የደም ማነሱን ያስተካክልና ምልክቱን ይሸፍነዋል፣ የነርቩ ጉዳት ግን ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል።

ሕክምናው በ1,000 ማይክሮ ግራም መርፌ ተጀመረ፤ መጀመሪያ ቀረብ ቀረብ ብሎ፣ በኋላ በወር አንድ ጊዜ። ከዚያ ወደ ክኒን ተሻገርኩ፤ እርሱም 1,000 ማይክሮ ግራም ነው። ለሰውነት በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮ ግራም ሆኖ ሳለ መጠኑ ለምን ይህን ያህል እንደበዛ ስጠይቅ፣ በተለመደው የመምጠጫ መንገድ በአንድ ጊዜ የሚያልፈው ጥቂት ስለሆነ፣ ከቀረው ደግሞ አንድ መቶኛ ያህሉ ብቻ በራሱ ሰርጎ ስለሚገባ መሆኑን ፋርማሲስቱ አስረዳኝ። ድንዛዜው ቀስ እያለ ለቀቀኝ፤ ዲክላራሲዮኔንም እንደ ሰው ማንበብ ጀመርኩ።

እዚህ ላይ ሰዎች «እንግዲያው ያዳነህ ቢ12 ነው» ይሉኛል። አይደለም። በዚያው ሰሞን ፍሉኦክሰቲን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት 20 ሚሊ ግራም ጠዋት ጠዋት ጀምሬ ነበር፤ ጫቱንም ቀንሻለሁ። ድካሙና መርሳቱ የቢ12 እንደነበር አምናለሁ፤ «ምን አለኝና እኖራለሁ» የሚለው ሐሳብ ግን የለቀቀኝ መድኃኒቱ ከሠራ በኋላ ነው። ፍሉኦክሰቲን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያቅለሸልሻል፣ ጥቅሙም ወዲያው አይታይም፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሳምንት ይወስዳል። ብዙ ሰው መድኃኒቱን ጥሎ ወደ ቫይታሚን የሚሮጠው በዚህ መሐል ነው። ከተሻለ በኋላም ቢያንስ ለስድስት ወር ይቀጥላል፤ ሲቆምም በሐኪም እጅ ነው።

አሁን ያችን የዕፅ ካፕሱል ልንገራችሁ፤ ከሻንጣው ሁሉ አስፈሪዋ እርሷ ናትና። ሴንት ጆንስ ወርት ትባላለች፤ ቢጫ አበባ ካለው ተክል የምትዘጋጅ ናት። ለመናቅ አይደለም፤ በቀላልና በመካከለኛ ድባቴ ላይ ከባዶ ክኒን (ለማወዳደሪያ ከሚሰጠው፣ መድኃኒት ከሌለበት) የተሻለች መሆኗ በብዙ ጥናቶች ታይቷል፣ ጀርመን ውስጥ ሐኪሞች ሲያዟት ቆይተዋል። ችግሩ የምትሠራ መሆኗ ላይ ነው። ከፍሉኦክሰቲንና ከመሰሎቹ ጋር ስትገናኝ በሰውነት ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ከመጠን በላይ እንዲበዛ ታደርጋለች፤ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ መቅበዝበዝ ያመጣል፣ ከከፋም ሕይወት ያጠፋል። በተጨማሪ ጉበት መድኃኒቶችን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ታነሣሣዋለች፤ ስለዚህ የወሊድ መከላከያ ክኒንም ሆነ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው፣ የኤችአይቪ መድኃኒት፣ ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን፣ የልብ መድኃኒቱ ዲጎክሲን ኃይላቸው ይቀንሳል። አስቡት፤ አንዲት ሴት የኤችአይቪ መድኃኒቷን በሥርዓት እየዋጠች፣ ለከፋት ስሜት ዘመድ የላከላትን «ተፈጥሯዊ» ካፕሱል ስትጨምርበት።

እኅቴን ስልክ ደውዬ «እታለም፣ ይችኛዋ ከመድኃኒቴ ጋር አትስማማም ብለውኛል» ስላት ተቀየመች። «ቅጠል እኮ ነው! ያን ኬሚካል እየዋጥክ ቅጠሉን ትፈራለህ?» አለችኝ። ጫትስ ቅጠል አይደል ወይ? ብላት ሳቀች። የውጭ ዘመድ የላከውን አልፈልግም ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ስለዚህ ሌላ ዘዴ አለኝ፦ አስቀድሜ ምን እንደሚላክልኝ እኔው እነግራታለሁ። ጎዶሎውን ዐውቃ ስትልክ እርሷም ደስ ይላታል።

ቀጥሎ የዓሣ ዘይት። ይህኛው ለድባቴ ተጨማሪ ድጋፍ ሆኖ ሊያግዝ እንደሚችል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ግን መጠነኛ ነው፣ ደግሞም ሁሉም የዓሣ ዘይት እኩል አይደለም። በውስጡ ኢፒኤ እና ዲኤችኤ የሚባሉ ሁለት ዋና የኦሜጋ ሦስት ቅባቶች አሉ፤ ለድባቴ የተሻለ ውጤት የታየው ኢፒኤው በሚበዛበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የባለሙያዎች መመሪያ በቀን ከ1 እስከ 2 ግራም ኢፒኤ ይላል። እዚህ ላይ ሙያዬ ጠቀመኝ። ጠርሙሱ ፊት ለፊት በትልቁ «1,000 ሚሊ ግራም» ይላል፤ ሲገለበጥ ግን በትንንሽ ፊደል ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120 ይላል። የቀረው ሌላ ቅባት ነው። በዚያ ስሌት 1 ግራም ኢፒኤ ለማግኘት በቀን ስድስት ያህል ካፕሱል መዋጥ ሊኖርብኝ ነው፤ ጠርሙሱ ወር አይደርስም። ስለዚህ እኅቴን ኢፒኤው በአንድ ካፕሱል 500 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን እንድትፈልግ ነገርኳት፤ ሐኪሙንም አስፈቀድኩ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ወይም የልብ ምት መዛባት ያለበት ሰው ግን ሳይጠይቅ አይጀምር።

«ተልባ አለልን አይደል?» የሚሉኝ አሉ። ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ ነው ነገሩ፤ በተልባ ውስጥ ያለው ኦሜጋ ሦስት ሌላ ዓይነት ነው፤ ሰውነት ወደ ኢፒኤ የሚቀይረው ጥቂቱን ብቻ ነው። ለሆድ ድርቀት ይጠጣ፤ ለድባቴ አልቆጥረውም።

ስለ ሙቀቱ አንድ ነገር ልበል፤ በሌላ አገር የተጻፈ ምክር አያነሣውምና። የዓሣ ዘይት በሙቀትና በብርሃን ይበላሻል፤ ካፕሱሉም ጀላቲን ስለሆነ ድሬ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ከዋለ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ብዙዎቹ ክኒኖች ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጡ ይላሉ፤ በግንቦት የእኔ ሳሎን እንኳ ይህን አያሟላም። እኔ ዘይቱን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ አንዱን ነክሼ የከረፋ የዓሣ ሽታ ካለው ጠርሙሱን እጥለዋለሁ። በመኪና ጋቢና ውስጥ ከጅቡቲ ፀሐይ ሲመታው የመጣ ዘይት ቢረክስም አልገዛም። ሙስሊም ጓደኞቼ ደግሞ ጀላቲኑ ከአሳማ መሆን አለመሆኑን ይጠይቃሉ፤ ከዓሣ ጀላቲን የተሠራ አለ፣ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል።

ቫይታሚን ዲ? በድሬ ፀሐይ እጥረት ይኖራል ብሎ የሚያምን የለም። ይኖራል፤ ፀሐዩ ሲከር ሁላችንም ጥላ ውስጥ ነን፣ አለባበሳችንም ይሸፍናል። ለአጥንት ያስፈልጋል። ለድባቴ ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ18 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን ለአምስት ዓመት ያህል ተከታትሎ፣ በቀን 2,000 ዩኒት የወሰዱት ባዶ ክኒን ከወሰዱት ያነሰ ድባቴ እንዳልያዛቸው አገኘ። ጎድሎ ከተገኘ ይሞላል፣ በቃ። ጥንቃቄው መጠኑ ላይ ነው፤ በሳምንት አንዴ የሚዋጠውን የ50,000 ዩኒት ክኒን በየቀኑ የሚውጥ ሰው ዐውቃለሁ። ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ያንረዋል፤ ያቅለሸልሻል፣ ያስጠማል፣ ኩላሊት ይጎዳል።

ዚንኩንና ማግኒዥየሙን ቶሎ ልለፋቸው። ማግኒዥየሙ ያገኘልኝ ተቅማጥ ብቻ ነው። እርድም ሲወራለት እሰማለሁ፤ አልጫ ውስጥ ያለው መጠን ለጥናት ከሚሰጠው እጅግ ያነሰ ነው። አንድ ወዳጄ ከመጋላ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ከማር ጋር አምጥቶልኝ ነበር፤ ፍቅሩን ተቀብያለሁ። ስኳርና ግፊት ሊቀንስ ስለሚችል የእነዚህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይጠንቀቅ። ቢ ኮምፕሌክሱ ሽንትን ደማቅ ቢጫ ሲያደርገው መደንገጥ አያስፈልግም፤ ቢ2 ነው። ነገር ግን ሦስት ዓይነት ጠርሙስ በአንድ ጊዜ የሚወስድ ሰው ቢ6ን ከሦስቱም ይደምር፤ በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፣ እግርን ያደነዝዛል። ከአንዱ መደንዘዝ ወጥቶ መልሶ መደንዘዝ!

«አሜሪካ የተሠራ ነው» ለሚሉኝ የምመልሰው አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት የምግብ ማሟያ ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት እንደ መድኃኒት ተመርምሮ ፈቃድ አያገኝም። የጠርሙሱ ውበት ማስረጃ አይደለም። እኔ የምገዛው ከታወቀ መድኃኒት ቤት ነው፤ ማሸጊያው ላይ የምድብ ቁጥርና የማብቂያ ቀን ከሌለ ዋጋውን እንኳ አልጠይቅም።

እማዬ ጠበል እንድጠመቅ ትወዳለች፤ እጠመቃለሁም፤ በሐምሌ 19 ቁልቢ ሄጃለሁ። መድኃኒቴ ግን ኪሴ ውስጥ ነበር። ጠበሉም፣ ቫይታሚኑም፣ ጓደኛም ከመድኃኒቱ ጎን ይቁሙ እንጂ ቦታውን አይውሰዱ። ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ፣ ምግብና ውኃ ያቆመ፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማ ሰው ደግሞ የደም ምርመራ ውጤት አይጠበቅለትም፤ በዚያው ቀን በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይታይ፣ ብቻውንም አይተው።

እኔ አሁን ፍሉኦክሰቲኑን ቀጥያለሁ፤ ቢ12 ክኒኔንና የዓሣ ዘይቴን እወስዳለሁ፤ የቀሩት ጠርሙሶች ጊዜያቸው አልፎ ተጥለዋል። ስለ ዓሣ ዘይቱ የንስሐ አባቴን ጠይቄ መድኃኒት ጾም አያስገድፍም ብለውኛል። ኦሜፕራዞሉን ሐኪሙ አስቁሞኛል። ቀጣዩ የደም ምርመራዬ ከትንሣኤ በኋላ ነው፤ ቁጥሩ ከያዘ የቢ12 ክኒኑን እያራራቅን እንሄዳለን ብሎኛል።